ሬሳው ለምን ይተነፍሳል

እማ፣ ሬሳው ለምን ይተነፍሳል ያለችኝ ገና ፊደል ሳትቆጥር ነው፣ እዚሁ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ሐሊማ ቤት፣ እዚሁ ምንጣፍ ላይ፣ ያኔ ቴሌቪዥኑ ጀርባው ያበጠ አሮጌ ነበር፣ ፊልሙ ላይ አንድ ሽማግሌ ሞቶ ተጋድሟል፣ ሰው ከቦ ያለቅሳል፣ ሆዱ ግን ከጋቢው ሥር ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ፣ እኔ እንባዬ መጥቶ ነበር እንዲያውም፣ ያየችው እሷ ናት። ምን ብዬ መለስሁላት። ዝም ብለሽ እዪ። መልስ አይደለም ይህ። አሁን ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ የምትጠብቅ ልጅ ሆናለች ፍቅርተ፣ ከኋላዬ ተቀምጣለች፣ ከፊቴ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሞታ ተጋድማለች፣ እኔም ሆዷን አያለሁ።

አይንቀሳቀስም።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ጉሙ ደጃፍ ድረስ ወርዶ ከቀትር በኋላውን ምሽት አስመስሎታል፣ ሐሊማ ድምፁን ጨመረችው። ፊልሙን የሠራው አስናቀ ነው፣ የፍቅርተ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ካሜራውን ሠርግ ከሚቀርጽ ሰው ተውሶ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ቀርጾ ዩቲዩብ ላይ ጫነው። አስፈሪ ነው ግን አንቺን አያስፈራሽም እማ፣ ለምደሻል፣ አለችኝ። እውነት ነው፣ ለምጃለሁ። ከስድስተኛ ክፍል ያልዘለልሁ ሴት ነኝ፣ ፊልም አውቃለሁ አልልም፣ ብቻ ሐሊማ መኪናዋ ላይ ስትሰፋ እኔ ጠርዝ እየቀመቀምሁላት ያላየነው የለም፣ የውጮቹን፣ አንድ ሰው በአማርኛ ለሁሉም የሚናገርላቸውን፣ ለገዳዩም ለሟቿም ለሰይጣኑም ያው ድምፅ፣ ሰውየውን ጉንፋን ሲይዘው ሰይጣኑም ያስለዋል።

ብዙ የተደከመበት ፊልም አያስፈራኝም። ጭራቁ አምሮ ሲሠራ ጭራቅ ነው፣ አገሩም ሌላ፣ ከኔ ቤት ምን ጉዳይ አለው። የሚያስፈራኝ ርካሹ ነው። ደሙ የቀይ ሥር ውኃ መሆኑ ከሩቅ የሚታወቀው፣ ከመቃብር የተነሣው ፊቱን ዱቄት ተቀብቶ ጆሮውን የረሳው፣ በመስኮቱ በኩል ፊልም መኖሩን ያልሰማች ላም የምታልፍበት። ያች ላም የእውነት ናት እኮ። ግድግዳውም የእውነት ነው፣ የኛን የመሰለ፣ በጭድና በጭቃ የተመረገ፣ ላሟ የእውነት ከሆነች ግድግዳውም ከሆነ፣ ውሸቱ የቱ ጋ ነው የሚጀምረው። ይህን ስነግራት ሐሊማ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ትስቃለች፣ እትዬ ማስተዋል፣ አንቱ እኮ ሰይጣኑን ትተው ላሟን ነው የሚፈሩ።

ዛሬም መጀመሪያ ላይ ስንስቅ ነበር። የሟቿን እናት ሆና የምትሠራው ትርንጎ የምትባል የመምህር ሚስት ናት፣ ስታለቅስ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ልጅ የሞተባት ሴት ነጠላዋ የት እንደወደቀ ታውቃለች እንዴ፣ አልሁ፣ ለቅሶው መሐል ደግሞ ከመስጊዱ አዛን ገባ፣ ሐሊማ እጇን አጨበጨበች፣ ይኸው አዛናችንም ተዋናይ ሆነ፣ ፍቅርተም ከኋላ ስትስቅ ሰማኋት። ያን ጊዜ ሰማኋት። ከዚያ ወዲህ አልሰማኋትም።

እንዲህ ያለ ፊልም ሬሳ ላይ አይቆይም፣ እንዳይታወቅበት ቶሎ ይሸሻል፣ ወደሚያለቅሰው፣ ወደ ሻማው። አስናቀ ግን ቆመ። ካሜራው እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ እሷ ብቻ ናት ቀጥ ያለችው፣ ደረቷን አየሁ፣ አንገቷን፣ ያችን ሲሞቃት የምትመታ የደም ሥሯን፣ የለም፣ ትንፋሼን ያዝሁ፣ እስክትተነፍስ ልጠብቃት ብዬ፣ ጠበቅሁ፣ ደረቴ ተቃጠለ፣ ፊተኛ ሆኜ የተነፈስሁት እኔ ነኝ።

እግዚኦ።

ጨርቁ። አገጯ ሥር የታጠፈው ጨርቅ፣ ጥጉ ላይ ሰማያዊ ክር፣ ትንሽ መስቀል፣ አንዱ ክንዱ ያጠረ፣ ያጠረው ክሩ አልቆብኝ ነው። የኔ መርፌ ነው ይህ። አባቷ ሲያርፍ ለመግነዣው ከተቆረጠው ጣቃ የተረፈ አቡጀዲ ነው፣ እሱ በለበሰው እኔም ልልበስ ብዬ፣ ጣራ ገዳም ድረስ ተሸክሜ ወጥቼ ጠበል አስረጭቼ፣ ከሳጥኔ ሥር ያኖርሁት፣ ለራሴ፣ ለቀኔ። ታውቃለች። ይህ የኔ ነው፣ ያን ቀን እንዳትፈልጉት ብዬ ቦታውን ያሳየኋት እሷን ነው። አባቷ ሄደ፣ ቀጥሎ እኔ ነበርሁ፣ ተራው የኔ ነበር፣ እሷ ገብታ ተኛችበት።

ይህ እምነት አይደለም ማስተዋል፣ አልሁ ለራሴ፣ ባዕድ ነገር ነው፣ የንስሐ አባትሽ ቢሰሙ ይቆጡሻል። አውቃለሁ። ጨርቅ ጨርቅ ነው፣ ዕድሜ ከእግዚአብሔር ነው፣ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን ዞሬ አላያትም። ዞር ብል እኮ አለች። ቆሎ ስትቆረጥም ነበር፣ አሁን ቆሎው ዝም ብሏል፣ ሐሊማም መርፌዋን ይዛ ፈዛለች፣ ፊልሙ ውስጥ ቀብሩ አለቀ፣ መሸ፣ በር ተንኳኳ። እማ፣ ክፈችልኝ። የልጄ ድምፅ ነው፣ እኔን ስትጠራ እንደምትጠራው፣ እኔ ግን አይደለሁም የምትጠራው፣ ትርንጎን ነው፣ ትርንጎ ምድጃው አጠገብ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣ አትዞርም። ዙሪ እንጂ። ልጅሽ አይደለችም ወይ፣ ሙትስ ብትሆን፣ ብርድ ላይ ቆማለች እኮ፣ እኔ ብሆን እከፍት ነበር፣ እንኳን በር ግድግዳውን አፈርስ ነበር። እማ፣ በረደኝ። ትርንጎ አትዞርም። እኔም አልዞርሁም። ሁለታችንም ጀርባችንን ሰጥተን።

እጄን ወደኋላ ሰደድሁ። ምንጣፍ፣ ምንጣፍ፣ እግር። ቀዝቃዛ ነው። እርጥብ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ አይነቃነቅም፣ በዝናብ በነጠላ ጫማ ነው የመጣችው፣ ጭቃ ረግጣ፣ ለዚያ ነው፣ ለዚያ ነው የቀዘቀዘ፣ ጣቶቿን ጨበጥሁ፣ በስመ አብ፣ በስመ አብ፣ የሚቀጥለው ቃል ጠፋኝ።

እማ፣ አየሽ፣ አልተነፈስሁም።

ጆሮዬ ሥር ነው ያለችው፣ ትንፋሿ ሞቃት ነው። ያኔ የጠየቅሁሽን ታስታውሻለሽ፣ እኔን አይቶ ማንም ልጅ እንደዚያ እንዳይጠይቅ ብዬ ስንት ጊዜ ተለማመድሁ መሰለሽ፣ አስናቀ ራሱ ደንግጦ ትከሻዬን ነቀነቀኝ። እየሳቀች ነው የምትነግረኝ። ጨርቁስ፣ አልኋት። ቆሎዋን ዘገነች። ፍቅርተ፣ ጨርቁስ። ሌላ ነጭ ጨርቅ አጥተን ነው እማ፣ አጥቤ መልሼዋለሁ፣ ቦታው ላይ ነው። ሐሊማ ድምፁን ቀነሰችው፣ ፊልሙ ውስጥ ልጅቱ ያለ ድምፅ በር ትደበድባለች።

ቦታው ላይ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው፣ ቦታው ላይ መሆኑ። ሳጥኔ ሥር ታጥፎ ተኝቶ ማንን ነው አሁን የሚጠብቀው፣ ልኩን የወሰደው ከማን ነው። ለቤተ ክርስቲያን ብሰጠው ለድኻ ሟች ይሆናል፣ የማላውቃት ሴት የልጄ ደረት ያረፈበትን ለብሳ አፈር ትገባለች፣ አልችልም፣ እንዳላቃጥለው ጠበል ነክቶታል፣ እንዳልተወው አስናቀ ክፍል ሁለት እሠራለሁ ብሏል፣ ልጅቱ እንደገና ትሞታለች ወይ ብላት ምን አውቄ አለችኝ፣ እንደ ዋዛ፣ ጫማዋን እየፈለገች።

በማግስቱ ኪዳን አድርሼ ስመለስ ጉሙ ገና አልተነሣም፣ ሳጥኑን ከፈትሁ፣ አወጣሁት፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፣ ተነሺ አልኋት ፍቅርተን፣ ወዴት ነው፣ ተነሺ ብቻ። ሐሊማ በረንዳዋ ላይ መኪናዋን ዘይት ታጠጣለች። ጨርቁን ዘረጋሁላት፣ መስቀሉን አየች፣ እትዬ ማስተዋል፣ ይህማ የአንቱ ከፈን ነው፣ አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ነበር፣ አልኋት፣ ቀሚስ አድርጊልኝ። ለማን። ለሷ፣ ቤት የምትለብሰው፣ ወጥ የሚነካው፣ ጭቃ የሚነካው፣ ለብሳው አልቆ የሚጣል። ለአንቱስ። ለኔ ያኔ የተገኘው ይሆናል። ሐሊማ መቀሱን አነሣች፣ አየችው፣ መልሳ አኖረችው፣ እኔ አልጀምረውም፣ አንቱ ይጀምሩት፣ እኔ ልለካት።

ፍቅርተ ክንዶቿን ዘርግታ ቆመች፣ አፍራ ይሁን ፈርታ፣ አታየኝም፣ ሜትሩ በደረቷ ዙሪያ ገባ፣ እሷ ቀጥ ብላለች፣ ያው የትናንቱ፣ ምንም አይንቀሳቀስም። አንቺ፣ አለች ሐሊማ፣ ተንፍሺ እንጂ፣ ኋላ ይጠብሽና እኔን ልታሚ።

ተነፈሰች። ሜትሩ በሐሊማ ጣቶች መሐል ሲንሸራተት አየሁት፣ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ መቀሱን ጨርቁ ውስጥ አስገባሁ።