ለአንድ ሰው የምትሆን የስፌት መኪና

«አንድ ሰው የሚችለው ሥራ አይደለም» አለ ታላቅ ወንድሟ፣ የሻይ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ እያስቀመጠ። «ሁለት ሆናችሁም ፍዳችሁን ነው ያያችሁት። ይሄን ቤት እንቆልፈውና እኛ ዘንድ ትገቢያለሽ። ልጆቹም ይለምዱሻል።»

ታናሽየዋ ብርጭቆውን ሰው እንዳይረግጠው ወደ ጥግ ገፋችው። ለቀስተኛው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ተደርድሯል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ሹክሹክታው ግን ዞሮ ዞሮ እሷ ላይ ያርፋል። ምስኪን፣ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ አሁን ምን ይውጣት ይሆን ይባላል። የተቀበረችው እህቷ ሳትሆን እሷ ናት የሚመስለው።

እህትማማቾቹ ከልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ እየለቀሙ የአልጋ ልብስ ይሠሩ ነበር። ላዩ የተገጣጠመ ቁርጥራጭ፣ መሃሉ ጥጥ፣ ሥሩ ገበር ነው። ወንድምየው ድሪቶ ይለዋል፤ ለብሶ የሚተኛው ግን እሱኑ ነው። ችግሩ መኪናቸው ነበረች። ለቀሚስ የተሠራች ስለሆነች ክንዷ አጭር ነው፤ የተጠቀለለ የአልጋ ልብስ በሥሯ አያልፍም። ስለዚህ አንዷ ተቀምጣ ስትገፋ ሌላዋ ማዶ ቆማ ትስባለች። ሳቢዋ ከቸኮለች ስፌቱ ይጣመማል፤ ያኔ ስድብ ነው። «እህት ነሽ ወይስ በሬ?» ትላት ነበር ታላቅየዋ። ሌላ መኪና እንፈልግ ስትባል ግን ይቺው ትበቃናለች ብላ አፍ ታስይዛለች።

ታናሽየዋ ተነሳች። ጥቁር ሻሿን አጥብቃ አሰረች፤ ተጀምሮ የቀረውን የአልጋ ልብስ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ወሸቀች። አክስቷ በሩ ላይ ያዘቻት።

«ወዴት ነው?»

«መኪና ልመርጥ።»

«ልቅሶ ላይ ተቀምጠሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ሲል የከረመ ሰው ነው አክስቴ፤ ይጨምርበት።»

የመኪና ሻጩ ገና ስትገባ ትክ ብሎ አያት። መልኳ ቁርጥ አንዲት ደንበኛውን መሆኑን ነገራት። እህቴ ናት፣ ቀበርናት አለችው። ሰውየው ያገኘው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ከሐኪም ቤት ስትመለስ ጎራ ትል እንደነበር፣ መኪናዎቹ ላይ በየተራ እየተቀመጠች አንድ ሰው ብቻውን የሚሰፋበት የቱ ነው እያለች ትጠይቀው እንደነበር አወጋት።

«መርጣልሻለች እኮ» አላት፤ አንዲት የምታብረቀርቅ ነጭ መኪና እያሳየ። «ለታናሼ ብላ ነው።»

ታናሽየዋ መኪናዋን በእጇ ዳበሰች፤ ቀጥሎ ንዴት መጣባት። እህቷ ሕመሟን ደብቃ፣ ለብቻ መቅረቷን ደግሞ ሳታማክራት አሰናድታላታለች። የአልጋ ልብሱን ዘረጋችና ነጯ መኪና ላይ ተቀመጠች። ጥቅሉ በክንዷ ሥር አለፈ። ገበሩ ግን ላይኛውን ጨርቅ ጥሎ ቀደመ፤ ስፌቱም ተጨማደደ።

ሻጩ ግራ ገባው። ለእህትሽ እኮ እንደ ውሃ ነበር የምትፈስላት አለ።

«በምን ሞከረቻት?»

«እኔ በሰጠኋት ብጣሽ።»

እህቷ የአልጋ ልብስ ተሸክማ ብትወጣ ምስጢሯ ይወጣባት ነበር፤ ስለዚህ በስስ ብጣሽ ሞከረቻት። ታናሽየዋ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ከነጥቁር ልብሷ፣ ሱቅ መሃል ተቀምጣ።

«ይቺን አልወስድም።»

«የሟች ምርጫ እኮ ናት» አለ ሰውየው ቅር ብሎት።

«እሷን አለቅስላታለሁ። የምሰፋው ግን እኔ ነኝ።»

ያሉትን ሁሉ በዚያው በወፍራሙ ሞከረች። በመጨረሻ ጥግ ላይ የተገፋች ግራጫ መኪና አስወጣችው። ጌጥ የላት፣ አበባ አትጠልፍ፤ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው የምታውቀው። ክንዷ ሰፊ ነው፤ ጨርቁን የሚጫነው እግሯ ደግሞ አብሮ እየተራመደ የላዩን ከታቹ እኩል ይስባል። አንድም ቦታ አልተጨማደደም።

ሻጩ ራሱ ተሸክሞ አደረሰላት። መኪናዋ ስትገባ ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀ።

«ወንድምጋሼ፣ ተነስልኝ» አለች። «እዚያ ነው የማስቀምጣት።»

«አብደሻል?»

«ቤቱ አይቆለፍም። ተነስልኝ።»

ዙሪያውን ቃኘ፤ የሚያግዘው ሲያጣ ወንበሩን ይዞ ተነሳና ፈንጠር ብሎ ተቀመጠ። አክስት ልቅሶ ቤት መኪና ሲንጫጫ አይታ እንደማታውቅ አጉረመረመች። ታናሽየዋ ጠረጴዛ ስባ መኪናዋን አስቀመጠች፤ ሰካችና መስፋት ጀመረች። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። የአልጋ ልብሱ እየረዘመ፣ በጠረጴዛው ማዶ መንሸራተት ሲጀምር ወንድምየው ሊይዝላት ዘሎ ተነሳ።

«ተወው» አለችው ቀና ሳትል። «ይውደቅ።»

ጨርቁ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠ። ሳቢዋ ትቆም በነበረበት ማንም አልቆመም። እሷ መርፌው ፊት ጠብ ያለውን እንባ በአውራ ጣቷ ጠረገችና በላዩ ሰፋችበት።