እልል ተብሎ የተሸኘው ልጅ

«የክርስትና ስሙን ይንገሩኝ እንጂ እናቴ» አሉ ቄስ አምሐ፣ እንደገና።

ባንቺአየሁ ከንፍሮው አንዲት ፍሬ ሽንብራ አንስታ መልሳ አስቀመጠቻት። «ስሙ አስማማው ነው፤ ነገርሁዎ።»

«እሱማ የዓለም ስሙ ነው። በዓለም ስም ፍትሐት እንደማይደረግ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ አባ። ስለማውቅ ነው የማልነግርዎ።»

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ተያዩ። ዛሬ ሠልስት ነው። የቀበሌው ሰዎች በማለዳ መጥተው «ልጅሽ ለእናት አገሩ ተሰውቷል» ካሏት ወዲህ፣ እድሩም ድንኳን ተከለ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሴቶችም ተራ ገብተው አለቀሱ። እሷ ግን እንባ ጠብ አላደረገችም። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ፣ እዚህ ቦታ ወደቀ የሚል ሰው የለ። መራዊ ላይ ክርስትና ያነሱት ቄስ ከሞቱ ቆይተዋል፤ የክርስትና አባቱም የሉም፤ የወለደው አባቱ ገና በእቅፍ ሳለ አረፈ። ቄስ አምሐ ደግሞ የነፍስ አባት ሆነው ከመጡ ገና መንፈቅ አልሞላቸውም። ያ ስም የቀረው በባንቺአየሁ አንደበት ብቻ ነበር። ለቆመ ሰው ፍትሐት ማስደረግ በገዛ እጅ መግደል ነው ብላለች። ስሙን እስካልሰጠች ድረስ ልጇን ማንም አይቀብርባትም።

ጎረቤቷ የሺመቤት ጠጋ አለቻት። «አንቺ ባንቺ፣ ምነው ነፍሱን አንከራተትሻት?»

«ሞተ ያሉኝ እነማን ናቸው? እነዚያው አይደሉም? ያን ቀንስ ምን ብለውን ነበር?»

ያን የዋንጫ ቀን የሺመቤትም ኳስ ሜዳው ዳር ነበረች።

አስማማው የትምህርት ቤቱ የመረብ ኳስ ቡድን ውስጥ የገባው በቁመቱ ነው፤ ጨዋታውስ አያድርስ ነበር። በዘለለ ቁጥር መረቡን ይዞት ይወርዳል። አንደኛውን ዓመት አግዳሚ ወንበር ሲያሞቅ ከረመ፤ እናቱም «ይኼ ቁመት ለጣራ ክዳን እንኳ በረዳን» እያለች ታሾፍበት ነበር። የቡድኑ ኳስ አቀባይ አንዳርጋቸው ግን አልተወውም። አጭር፣ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ውሸት የሚባል ነገር አይሆንለትም። ባንቺአየሁ ከፋብሪካ ስትመለስ ሁለቱን ሐይቁ ዳር ታገኛቸዋለች፤ አንዱ ኳስ ወደ ላይ ያነሳል፣ አንዱ ይዘልላል፣ ይስታል።

«ኳሷን አትይ» አለው አንድ ቀን አንዳርጋቸው፤ «እጄን እይ። እጄ ወደ ሄደበት እሷም ትመጣለች።»

ነገሩ የተለወጠው ያን ዕለት ነው። አስማማው የጓደኛውን እጅ አምኖ፣ ኳሷ ገና ሳትነሳ መዝለል ጀመረ። በዓመቱ የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ በስሙ ይጠራው ጀመር።

የዋንጫው ቀን ከጎንደር የመጣው ቡድን እኩል ለእኩል ተያይዟቸው ዋለ። ባንቺአየሁ ከጨዋታው የምታውቀው ኳሷ በእኛ በኩል እንዳትወድቅ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ አንዳርጋቸው ለአስማማው አነሳለት፤ መታት፤ ጎንደሮቹ መረቡ ላይ በደረደሩት እጅ ተመለሰች። ልጆቹ እንደምንም አተረፏት። ደግሞ አነሳለት፤ ደግሞ ተመለሰች። ተመልካቹ «ለሌላ ስጥ!» እያለ ጮኸበት። አንዳርጋቸው ግን ለዚያው ለአስማማው አነሳ። አስማማው ሊያፈርጣት ተስፈንጥሮ ወጣና፣ እጁን መለስ አድርጎ በጣቱ ጫፍ ዳበሳት። ከተደረደሩት እጆች በላይ አልፋ ከኋላቸው ዱብ አለች። ባንቺአየሁ ልጇ አቅም ያነሰው መስሏት ደንግጣ ነበር፤ ድል መሆኑ የገባት ሜዳው ሲናወጥ ነው።

የቀበሌው ካድሬ ዋንጫውን ሰጠ፣ ንግግሩንም እንደ ልማዱ አንዛዛው። ከዚያ «ጀግኖቻችን በዋንጫቸው ከተማውን ይዙሩ» ተባለና ልጆቹ ኦራል የጭነት መኪና ላይ ተጫኑ። እናቶች ነጠላቸውን እያውለበለቡ ተከተሉ፤ ከሁሉም የባንቺአየሁ እልልታ ይሰማ ነበር። መኪናው አውቶቡስ መናኸሪያውን አለፈ። ይዞራል ሲሉት አልዞረም፤ የመራዊን መንገድ ይዞ ነጎደ። ልጆቹ የጦር ማሠልጠኛ ገቡ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተላኩ። በገዛ አፏ እልል ብላ ሸኘችው። ይኼ ነው ሌት ተቀን የሚያንገበግባት፤ ዳግመኛ የእነሱን ቃል ሰምታ ምንም ላታደርግ የማለችውም ያን ጊዜ ነው።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ በር ላይ አንድ ወጣት በምርኩዝ ቆመ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ሴቶቹ ማንነቱን አላወቁትም። ባንቺአየሁ ግን ጣቶቹን አይታ ብድግ አለች።

«አንዳርጋቸው!»

«አቤት እማማ ባንቺ።»

አጠገቧ አስቀመጠችው። ውሃ ይጠጣ፣ እህል ይቅመስ የሚል ሰው ቢበዛም እሱ እሷን ብቻ ያያል።

«ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ትናንት ነው የገባሁ።»

«አብራችሁ ነበራችሁ?»

«አብረን ነበርን።»

«እንግዲህ ንገረኝ። የመጣብኝ ሁሉ ወሬ ይዞ ነው የመጣ። አንተ ያየኸውን ንገረኝ።»

አንዳርጋቸው አንገቱን ደፋ።

«ጥይት ነው። ሆዱን አገኘው። ከእኔ ጋራ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነበርን። እስኪመሽ ቆየ።»

«ምን አለህ?»

«ውሃ አለኝ።»

«ሰጠኸው?»

«አልነበረኝም እማማ።»

«ጣና ዳር አሳድጌው!» አለች ባንቺአየሁ። «ጣና ዳር አሳድጌው ልጄ ውሃ ጠምቶት!»

ሴቶቹ ደረታቸውን ሊደቁ ሲነሡ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው። የምትጠይቀው ነገር ቀርቷት ነበር።

«ልቡ እየመታ ትተኸው እንደሆንስ? ሰመመን ይዞት እንደሆንስ? ስንቱ ሞተ ከተባለ በኋላ መጥቶ የለም?»

አንዳርጋቸው ዋሽቶ ቢያሳርፋት በወደደ። ግን አይሆንለትም።

«ሲነጋም እዚያው ነበርሁ። ቀዝቅዞ ነበር። ዓይኑን እኔ ነኝ የከደንሁት፤ በዚህ እጄ።»

እጁን ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አንዳርጋቸውን ለየሺመቤት አስረክባ፣ መስቀላቸውን ይዘው ወደተቀመጡት ወደ ቄስ አምሐ ሄደችና ከጉልበታቸው አጠገብ ተንበረከከች።

«አባ» አለች።

«አቤት እናቴ።»

«ክንፈ ገብርኤል ነው።»

ቄሱ እንዳይረሱት ስሙን ቀስ ብለው ደገሙት፤ ተነሥተውም ጸሎቱን ጀመሩ። ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። ባንቺአየሁ ግን እዚያው እንደተንበረከከች፣ ከአንደበቷ ያመለጣትን ለመመለስ እንደሚሻ ሰው፣ መዳፏን አፏ ላይ ጭና ቀረች።