ተርን ዳውን

«ተርን ዳውን አድርጌዋለሁ፤ በቃ አለቀ» አለች፣ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ሸጉጣ የሥራ ልብሷን እያለቀለቀች። ባሏ ብቅ ሲል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

ባሏ ጎሚስታ ነው፤ ቃሉን ግን ሰምቶታል፤ ያውቀዋልም። እሷ በምትሠራበት ሆቴል ተርን ዳውን ማለት ማታ ማታ እንግዶች ክፍል እየገቡ አልጋ ማሰናዳት ነው። ገና እጮኛው ሳለች ራሷ ነግራው፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። የተጋቡትም «የቀን ፈረቃ ብቻ» ተባብለው ነበር።

ሥራ ቦታው ላይ የአንዱን ደንበኛ ጎማ ለሌላው ሊገጥም ምንም አልቀረው። ምን ዓይነት እንግዳ ይሆን? ሽቶ የሚነሰንስ? በእንግሊዝኛ የሚያስቃት? ቅናቱ እንደ ምስጥ ውስጥ ውስጡን ሲበላው ዋለና ሥራውን ጥሎ ወደ ሆቴሉ ሄደ።

የክፍሎች ኃላፊዋን፣ ጠና ያሉትን ሴትዮ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አንሶላ ሲያጣጥፉ አገኛቸው።

«እትዬ፣ ሚስቴን ማታ ማታ የማን ክፍል ነው የሚልኳት?»

«የማን ባል ነህ?» ሲነግራቸው አንሶላውን አስቀመጡ። «አሃ! እድገቷን ተርን ዳውን ያስደረግካት አንተ ነህ!»

«እሱኑ እኮ ነው የምለው! አልጋ ማንጠፉን!»

ሴትዮዋ ሳቁ። «ልጄ፣ አልጋ ማሰናዳትም ተርን ዳውን ነው፤ ሬዲዮ መቀነስም፤ እምቢ ማለትም። ተቆጣጣሪ ሁኚ ብንላት ‹ካመሸሁ ትዳሬ ይፈርሳል› ብላ እምቢ አለችን።»

የሚገባበት ጠፋው። «ቦታው... ለሌላ ሰው ተሰጠ?»

«ገና ነው።»

ሚስቱ ከሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሞ አየችው። ደነገጠች።

«ልጃችን ምን ሆነ?»

«ደህና ነው። እድገት ሲሰጡሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህስ? ከሆቴሉ ሹፌር ጋር ሳቅሽ ብለህ ሳምንት ሙሉ ያኮረፍክ ሰውዬ!»

ማታ ማታ አብሮሽ የሚሠራው ወንድ ነው ወይ ብሎ ሊጠይቃት አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዋጠው።

«ገና ለሰው አልሰጡትም አሉ» አለ በመጨረሻ። «ከፈለግሽ ተቀበይ። ልጁን እኔ አስተኛዋለሁ።»

«በኋላ ተከትለኸኝ ልትመጣ?»

«አልመጣም።»

ትክ ብላ አየችው። እሺም እምቢም አላለችም። መንገድ ሊጀምሩ ሲሉ የሆቴሉ መልከ መልካም ዘበኛ ከወዲያ ማዶ «ቻው፣ ሳቂታዋ!» ብሎ ጮኸ።

የጎሚስታው ደም ሥር ተገተረ። ሚስቱ አጎንብሳ ቦርሳዋን መጎርጎር ጀመረች። ያኔ እሱ እጁን ከኪሱ አወጣና፣ ከፍ አድርጎ አውለብልቦ፣ በእሷ ፈንታ «ቻው!» ሲል መለሰለት።