የድንኳኑ መብራት

ከባለቤቴ ከዘነበ ለቅሶ ወደ ላቦራቶሪ በተመለስኩበት ጠዋት መጀመሪያ የከፈትኩት ማቀዝቀዣውን ነው። ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ የሚይዘውን፣ የካንሰር ሕሙማን የዕጢ ናሙና የሚቀመጥበትን። ላይኛው መደርደሪያ ላይ በረዶ የሆነ ውሃ ያለበት ኩባያ አለ፤ በረዶው አናት ላይ ሃምሳ ሳንቲም አስቀምጬበታለሁ። መብራት በፈረቃ በሆነበት በዚያ ክረምት ያገኘሁት ምስክር ነው። በረዶው ካልቀለጠ ሳንቲሙ ከላይ ይቆያል።

ሳንቲሙ ኩባያው ውስጥ፣ ከበረዶው ሥር ተቀብሯል። ውሃው ቀልጦ እንደገና በረዶ ሆኗል። ናሙናዎቹም እንደዚያው።

"ሱፍያን" አልኩ። ቴክኒሻናችን ነው። ኩባያውን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

"ጄኔሬተሩን ወስደነው ነበር፣ ዶክተር። መብራቱ ቶሎ የሚመጣ መስሎን።"

"ወዴት ወሰዳችሁት?"

"አብነት ሰፈር። ለቅሶው ላይ፣ እርስዎ ቤት።"

ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ የእኛ ድንኳን ብቻ ቦግ ብሎ ነበር። የዕድሩ ሰዎች "መሥሪያ ቤቷ ያከብራታል" ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔም በልቤ አመስግኛለሁ። ከሁሉ ያንገበገበኝ ይህ ነው።

ሥራችን ዕጢ መድኃኒት ሲያርፍበት እንዴት ተለውጦ እንደሚያመልጥ ማወቅ ነበር። ለዚህ ከአንድ ሰው ሁለት ናሙና ያስፈልጋል፤ አንዱ ከሕክምናው በፊት፣ ሌላው በሽታው ሲያገረሽ። ሁለተኛውን የሚፈቅድ ጥቂት ነው። ዘነበ ካንሰሩ ሲያገረሽበት ፈቅዷል። ማደንዘዣው በደንብ አልያዘለትም። "ለሥራችሁ ይሆናል አይደል?" ብቻ ነው ያለኝ።

ኩባያውን ይዤ ኃላፊያችን ዶክተር ጃርሶ ጋ ገባሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ታዲያ በጨለማ እናልቅስ?" አለ።

"ሜክሲኮ አደባባይ ጧፍ የሚሸጥ ጠፍቶ ነው?"

"የሺሀረግ፣ ለአንቺ ብለን እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ባይሆንማ መሳደብ እችል ነበር።"

ወንበር አሳየኝ። አልተቀመጥኩም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ናሙናዎቹ ማክሰኞ ለምርመራ ወደ ውጭ ይላካሉ። አሁን በረዶ ናቸው። ማን ያውቃል?" አለ።

"ዲ ኤን ኤው ይተርፍ ይሆናል። የዕጢውን ለውጥ የሚያሳየን አር ኤን ኤው ግን ፈርሷል። ፍርስራሹን አንብበን 'ዕጢው እንዲህ ተለወጠ' ልንል ነው። ያንን አምኖ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ይኖራል።"

"ፕሮጀክቱ ይዘጋል። ሱፍያን እንጀራውን ያጣል። ሰውስ ምን ይላል? 'ለሐዘኗ ቢደርሱላት አጋለጠቻቸው' ነው የሚለው።"

"ይበል።"

ተመልሼ ሳጥኖቹን አወጣሁ። ሱፍያን ጓንትና ጥቁር ማርከር አቀበለኝ። ጃርሶ ተከትሎኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"እሺ፣ የሌሎቹ ላይ መቅለጣቸውን ጻፊ" አለ። "የዘነበን ተይው። እሱ እንኳ ይትረፍልሽ።"

በለቅሶው ሁሉ ያን ያህል አልተፈተንኩም። የዘነበን ሁለት ብልቃጦች ከሁሉም በፊት አወጣሁና በሁለቱም ላይ "ቀልጧል" ብዬ ጻፍኩ።

"ቀጣዩን አቀብለኝ" አልኩት ሱፍያንን።