ፉርጎ ሲታጠብ

ቀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳዬ ጫፍ ላይ ቆማ የነገረችኝ ነገር አጭር ነበር። እናቷ እማማ ሃዎ ከሰዓት በኋላ ከዋሂል ይመጣሉ። ጉልበታቸውን እስኪታከሙ ድረስ ጥቂት ወራት እኛው ግቢ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ፉርጎ መሄድ አለበት።

«ሚክዳድን ነግሬዋለሁ» አለች። ሚክዳድ ወንድሟ ነው፤ አይሱዙ ይነዳል። ሆዮ የሚሏት እናታቸውን ነው። «መልካ ጀብዱ መኪና የሚያሳድሩበት ቦታ ጠባቂ ውሻ ይፈልጋሉ። ሆዮን አውርዶ ሲመለስ ይዞት ይሄዳል።»

«ሳትጠይቂኝ?»

«ስንቴ ልጠይቅሽ? አቦ ሰርኬ፣ ሽታው ሳሎኔ ድረስ እየመጣ ነው። ትናንት ደግሞ መዥገር ደረጃዬ ላይ ሲሄድ አየሁ። ሆዮ መስገጃዋን የት ታንጥፍ?»

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ይህ ግቢ የሷ ነው፤ እኔ የኋላውን ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። ያለችውም ሐሰት አልነበረም። ፉርጎ ከመጋቢት ወዲህ አልታጠበም። እሱን የሚያጥበው ባለቤቴ ሰይፈ ሚካኤል ነበር። ከአያቱ ጀምሮ የምድር ባቡር ቤተሰብ ስለነበር፣ ቡችላውን ያመጣው ዕለት ሆዱ መሬት ሲጠርግ አይቶ «ይሄማ የዕቃ ፉርጎ ነው» አለ፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ውሻውም አድጎ ስሙን አላሳፈረም። በኋላ እግሮቹ ሲቆም የፊቶቹን ትከሻዬ ላይ ያሳርፋል። ሰይፈ ከሞተ በኋላ ምግቡን አልከለከልኩትም፣ ማታ ማታ እፈታዋለሁ፣ ጠዋት አስረዋለሁ። እጥበቱን ግን ተውኩት።

«ንጹሕ ቢሆንስ?» አልኳት።

«ምን?»

«የማይሸት፣ መዥገር የሌለው ውሻ ቢሆን ይቀመጣል?»

ፉርጎን አየችው። ከኒሙ ዛፍ ሥር ተዘርግቶ ጎኑን ያካል። «ያንን ዝሆን ማን ያጥበዋል?»

«እኔ።»

«አንቺ? ናያ አንቺ ሴት፣ እሱ ነው እንጂ አንቺን የሚያጥብሽ!» ብላ ሳቀች። እኔ እንዳልሳቅሁ ስታይ ግን አቆመች። «እሺ። ሚክዳድ ሳይመጣ ካጠብሽው ይቀመጣል። ወላሂ ብያለሁ። ርጥቡን ግን ወደኔ በኩል እንዳታመጪብኝ።»

ይህን መንገር አያስፈልጋትም ነበር። በዚህ ግቢ ደረቅ ውሻ ቢያልፍ ማንም ምንም አይልም። ርጥብ ውሻ የነካው ልብስ ወይም ዕቃ ግን ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። በነቀመሪያ ቤት ይህ ሕግ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ፉርጎ የት እንዳለ ሳትጠይቅ ከቤቷ አትወጣም።

እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አንድን ሥራ ከመጀመሬ በፊት የሚያስፈልገውን ሁሉ ማሰናዳት ልማዴ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ የሰጠኝ ፈሳሽ መድኃኒት ከሳምንት ጀምሮ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ ገላው በሙሉ ይታሻል፣ አረፋው አሥር ደቂቃ ላዩ ላይ ይቆያል፣ ከዚያ በደንብ ይለቀለቃል። ካልቆየ መዥገሩ አይሞትም። በደንብ ካልተለቀለቀ ደግሞ ውሻው ሲልሰው ይታመማል። ልኩን ጠብቄ በጠበጥኩት።

የልብስ ማጠቢያው ሲሚንቶ ያንሸራትታል። ትልቅ ውሻ አንዴ ተንሸራቶ ዳሌውን ከተመታ ሁለተኛ እዚያ ቦታ አይቆምም፤ ስለዚህ ጆንያ አጥፌ አነጠፍኩበት። አንገቱን ሳይሆን ደረቱን በሰፊ ማሰሪያ አስሬ፣ ገመዱን ከብረቱ ቋሚ ጋር ላላ አድርጌ ቋጠርኩት። ውሃ እንዳይገባ ጆሮዎቹ ውስጥ ጥጥ ከተትኩ፤ ወደ ውስጥ አልገፋሁትም። ለፊቱ ርጥብ ጨርቅ ለየሁ። ፉርጎ ይህን ሁሉ ሲያይ ጅራቱን ቀስ እያደረገ ይወዘውዝ ነበር። ሁሉም ነገር በእጄ ነበር።

አንድ ነገር ረሳሁ። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ ልጅ እንኳ የማይስተውን ነገር። የውሃው ጎማ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ነበር። እዚህ አገር ከጎማ የሚወጣውን የመጀመሪያ ትኩስ ውሃ መሬት ላይ ያፈሱታል እንጂ ገላ ላይ አያደርጉትም። እኔ መድኃኒቱንና ደቂቃውን እያሰብኩ ቧንቧውን ከፍቼ ቀጥታ ጀርባው ላይ ለቀቅሁት።

ፉርጎ ጮኸ። አንዴ ተወርውሮ ቋጠሮውን ፈታውና ገመዱን እየጎተተ ሮጠ፤ ወደ ሌላ የትም ሳይሆን ወደ ቀመሪያ በር።

«ያ አላህ! ርጥብ ነው! ርጥብ ነው!» ቀመሪያ በሩን ስትዘጋ ድምፁ ግቢውን አናጋው። ፉርጎ ደረጃዋ ሥር ቆሞ ገላውን አራገፈ። የበሩ ቀለም ሁሉ በውሃ ነጠብጣብ ተሸፈነ።

«ልብስ ውጭ አለሽ?» አልኩ እየሮጥኩ።

«የለኝም! በሩን ግን አንቺ ነሽ የምታጥቢው! ሰባት ጊዜ!»

«አጥበዋለሁ።»

«ከነአፈሩ!»

«ከነአፈሩ።»

ገመዱን ይዤ መለስኩት። ከሁሉ አስቀድሜ ከበርሜሉ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድቼ ጀርባው ላይ አፈሰስኩለትና ፀጉሩን ገለጥ አድርጌ ቆዳውን ተመለከትኩ። አልተቃጠለም፤ ወፍራም ፀጉሩ አድኖታል። ጎማውንም ውሃው እጄ ላይ ለብ እስኪል ድረስ ከፍቼ ተውኩት። ሆኖም ፉርጎ ከእንግዲህ ጆንያው ላይ ሊቆምልኝ አልፈቀደም። ስጎትተው ይቀመጣል። ከኋላ ስገፋው ይተኛል። ሥጋ አሳየሁት፤ ሥጋውን ዋጠና ተመልሶ ተኛ። ላነሳው ሞከርኩ፤ እሱን ማንሳት በር ከነመቃኑ እንደማንሳት ነው።

ቀመሪያ ከማጠቢያው ፊት ለፊት ባለው የኩሽናዋ መስኮት ብቅ አለች። የመስኮቱን ብረት ሳትነካ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጥፋ።

«ሚክዳድ ደውሏል። ከዋሂል ተነሥተዋል።»

ፉርጎን በማሰሪያው ይዤ አቆምኩት፤ እጄ አረፋውን ሊቀዳ ሲዘረጋ እንደገና ተቀመጠ።

«ሰርኬ።»

«እ።»

«ሰይፈ እንዴት አድርጎ እንደሚያቆመው አታውቂም?»

«አላውቅም። የሚያጥበው እሁድ ጠዋት ነው፤ እኔ ቅዳሴ ነበርኩ።» ስመለስ የማገኘው የታጠበ ውሻና ከማጠቢያው እስከ ሳሎን የረጠበ ወለል ነበር። ስለ ወለሉ እናገር ነበር። ባልና ሚስት አዘውትረን እሁድ የምንነጋገረው ስለ ወለሉ ነበር።

«እኔ አውቃለሁ» አለች ቀመሪያ። «እዚህ ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ ሁሌ እሰማው ነበር። ግን ትቆጪኛለሽ።»

«አልቆጣም፤ ንገሪኝ።»

«‹ሰርካዲስ መጣች› ነው የሚለው።»

«ምን?»

«ወላሂ፣ ያንቺን ስም! ውሻው ሲያስቸግረው ድምፁን ዝቅ ያደርግና እንደ ሰው እየጠራው፣ ‹ዋሪያ ፉርጎ፣ ሰርካዲስ መጣች› ይለዋል። ውሻው ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሱም አብሮት ቀጥ ይላል።» አፏን በሻሿ ሸፈነች። «እኔም አንዳንዴ ቢላዬን አስቀምጣለሁ።»

ውሃው ከጎማው እየፈሰሰ ነበር። ጎንበስ ብዬ ቧንቧውን ዘጋሁ፤ መዘጋት አላስፈለገውም ነበር፤ ተመልሼ ከፈትኩት።

ከዚያ ቀና ብዬ፣ «ፉርጎ፣ ሰርካዲስ መጣች!» አልኩ።

ፉርጎ ቀና ብሎ አየኝ። አዎ፣ ይኸው መጥተሻል የሚል መሰለ።

«እንደሱ አይደለም አቦ!» አለች ቀመሪያ። «ተማሪ ነው እንዴ? ዝቅ አድርጊው። አንቺም እንደምትፈሪ ሁኚ። የምትመጣው ሌላ ሴት ናት።»

ጎኑ ቁጢጥ አልኩ። ሲያራግፍ ከጆሮው የወደቀውን ጥጥ ገና አልመለስኩትም ነበር። አፌን ወደ ጆሮው አስጠግቼ፣ ሰይፈ ይለው እንደነበረ በገመትኩት ድምፅ፣ «ዋሪያ ፉርጎ፣ ሰርካዲስ መጣች» አልኩት።

ተነሣ። ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አጠፈ። አራት እግሮቹን ጆንያው ላይ ተክሎ፣ ትንፋሹን ሳይቀር ውጦ፣ ዓይኑን የግቢው በር ላይ ጣለ። እኔም አየሁ። በሩ ዝግ ነበር።

ከዚያ ሥራዬን ቀጠልኩ።

አዲስ ጥጥ አደረግሁለትና ከአንገቱ ጀመርኩ፤ አንገቱ ላይ የአረፋ ቀለበት ካልተሠራ መዥገሩ ሸሽቶ ወደ ፊቱ ይወጣል። ከአንገት ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ጀርባ፣ ከዚያ ሆዱ፣ ብብቱ፣ የጅራቱ ሥር። መዥገሮቹ በብዛት የተደበቁት በጣቶቹ መካከል ስለነበር እግሮቹን አንድ በአንድ አንሥቼ አሸሁ። ፊቱን በጨርቁ ብቻ፣ ከዓይኑ ወደ ውጭ እየጠረግሁ አጸዳሁ። አረፋው እስኪሠራ ስንጠብቅ ሁለት ጊዜ ሊቀመጥ ቃጣው። ሁለቱንም ጊዜ ነገርኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ በሩን አየ። ቀመሪያ ከመስኮቷ ሆና ስልኳን እያየች፣ «ገና ነው… ገና ነው… አሁን!» ትል ነበር።

ለብ ባለው ውሃ አለቀለቅሁት። ከሆዱ ሥር የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ ቡና መሰለ፣ ቀጥሎ አፈር፣ ቀጥሎ ውሃ። ፀጉሩን በጣቴ ስይዘው ሲጥ ሲጥ እስኪል ድረስ አልተውኩትም። የመኪና ጥሩንባ የሰማሁት ያኔ ነው።

ሚክዳድ በሩን ከፍቶ እናቱን ደግፎ አስገባ። እማማ ሃዎ ቀጭን፣ ረጅም፣ በከዘራቸው ላይ ዘንበል ያሉ ሴት ናቸው። ፉርጎ በፎጣ ተጠቅልሎ ከቋሚው ጋር ታስሮ ነበር፤ ቋጠሮውን በዚህ ጊዜ ሁለት አድርጌዋለሁ። ሚክዳድ ሰላም ብሎኝ ሲያበቃ እጁን ወደ ገመዱ ዘረጋ።

«አትንካው፣ ርጥብ ነው!» አለች ቀመሪያ ከመስኮቱ። ሚክዳድ እጁን እሳት እንደነካው ሰበሰበ። «ደግሞም አይሄድም።»

«እንዴት አይሄድም? ለሰዎቹ ነግሬያለሁ እኮ! ከዋሂል ድረስ ስለሱ ስናወራ አይደል የመጣነው?»

«ሌላ ውሻ ፈልግላቸው። እኔ ለሰርኬ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ቅድም ዝሆን ነው፣ ይሸታል፣ ውሰደው ስትይ ነበር!»

«ቅድም ይሸት ነበር።»

እማማ ሃዎ ከሩቅ ቆመው አፍንጫቸውን አነሡ። «ይኼ ነው የሚሸተው?» አሉ። «እኛ ጋ ፍየል የሚጠብቁት ውሾች ታጥበው ያውቃሉ እንዴ? ይድረቅና ከኔ መንገድ ይራቅ፤ በቃ።» ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ልጄ፣ ብቻሽን ነው ያጠብሽው?»

«ብቻዬን አይደለም» አልኩ።

ሚክዳድ ባዶ መኪናውን ይዞ እያጉረመረመ ወጣ። እኔ አፈርና ባልዲ ይዤ ወደ ቀመሪያ በር ሄድኩ፤ መጀመሪያ በአፈሩ፣ ከዚያ በውሃ፣ ሳልዘል ጨረስኩ። ቀመሪያ አጠገቤ ቆማ አንድ ሁለት እያለች ስትቆጥር ቆየችና፣ ስጨርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ሰርኬ፣ ሰይፈ ለውሻው ሌላም ሌላም የሚለው ነገር ነበር» አለች። «ስለ አንቺ። ልንገርሽ?»

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው አቦ።»

ባልዲውን ደፋሁት። ፉርጎ ከቋሚው ጋር እንደታሰረ ቆሞ ገና ይንጠባጠብ ነበር፤ ርጥብ ፀጉር እንደዚያው ከተተወ ቆዳውን ያሳክከዋል።

«በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው የማጥበው» አልኳት። «ባጠብኩት ቁጥር አንድ ንገሪኝ። የዛሬውን ሰምቻለሁ።»

ደረቅ ፎጣ ይዤ የሆዱን ሥር ላደርቅለት ሄድኩ።