ዳኛዋና ቄጠማው

የደረቁ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ክፍል ሠላሳ ዓመት የሠራችውን ሴትዮ ሁሉም "ዳኛዋ" ነበር የሚላት። አንዱን ቅጠል አይታ "ይሄ እንዲህ ነው" ካለች አበቃ፤ ይግባኝ የለም። እሷም ብትሆን፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ስሙን ትወደው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምንጣፍ ሠሪዋ ታናሽ እህቷ በሩን በርግዳ ገባች።

"እትዬ፣ ጉድ ሠራሽኝ! ረግረጋችንን ደልድለው ሊገነቡበት ነው። 'ደረቅ መሬት ነው፣ ሣር ነው የሚበቅልበት' ይላሉ። የያዙት ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ ያንቺ ነው። ምንጣፉን በምን ልሥራ?"

"እኔ አልሳሳትም።"

"ኧረ ባክሽ! ሣር ያልሽው ያኔ ራሴ ነቅዬ ያመጣሁልሽን ቄጠማ እኮ ነው!"

ዳኛዋ ኩርፍ ብላ ማህደሩን አወጣች። አሥራ ስምንት ዓመት በጋዜጣ መሃል ተጭኖ የኖረው ተክል ስስ ወረቀት ሆኗል፤ ከጎኑ "ሣር" ብላ የፈረመችበት ወረቀት ተለጥፏል። ከነቅጠሉ ቆረስ አድርጋ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨመረችው። የደረቀ ተክል ሲቀቀል የድሮ መልኩ ይመለሳል።

እንፋሎቱ መስኮቱን ሸፈነው። መደርደሪያው ደበዘዘ፣ ግድግዳው ራቀ፣ ክፍሉን የእርጥብ ሥር ሽታ ሞላው። ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የደረሰ መሰላት፤ ዙሪያዋን አረንጓዴ ነገር ይወዛወዛል፣ እህቷ በልጅነት ድምፅዋ ከሩቅ ትስቃለች። ጫማዬ ራሰ ብላ እግሯን አነሳች። ወለሉ ደረቅ ነው።

ግንዱ አብጦ ነበር። በሁለት ጣቷ ይዛ ልታንከባልለው ብትል እምቢ አለ። አንድ ጠርዝ፣ ሁለት፣ ሦስት! የሣር ግንድ ድቡልቡል ነው፣ ውስጡም ብዙውን ጊዜ ባዶ፤ ይሄ ሦስት ማዕዘን፣ ውስጡም ሙሉ። ቅጠሎቹ በሦስት ረድፍ ወጥተዋል፤ ግርጌያቸውም ግንዱን እንደ ሹራብ እጅጌ ዙሪያውን ገጥሞ ይዞታል። ያኔ የማድረቂያው መጭመቂያ ጨፍልቆት ነበር፤ እሷም ዓይኗን ብቻ አምና አልዳሰሰችውም። ወይ ውርደት! ፊቷ እሳት ሆነ።

እህቷ ሆዷ ባባ። "በቃ አሮጌውን ወረቀት ቅደጂው። ማን ያያል?"

"አይቀደድም። የዚህ ቤት ሕግ ነው፤ ስህተቱ እንዳለ ይኖራል፣ እርማቱ ከጎኑ ይለጠፋል። እኔ ከሞትኩ በኋላም ማህደሩን የከፈተ ሁሉ ያየዋል።"

በአዲስ ወረቀት ላይ "ቄጠማ፣ የረግረግ ተክል" ብላ ጻፈች። በኋላ ረግረጉን ያተረፈው ይኸው ወረቀት ነው። "ለይቶ ያወቀው" ከሚለው ፊት ለፊት የእህቷን ሙሉ ስም አሰፈረች፤ ከሥሩ "አረጋግጫለሁ" ብላ ፈረመችና ለጠፈችው።

እህቷ አንብባ ደነገጠች። "እትዬ፣ እኔ እኮ አልተማርኩም!"

"ያኔ ይዘሽልኝ ስትመጪ ምንነቱን ታውቂ ነበር" አለች ዳኛዋ። "አልጠየቅኩሽም።"