ጣሪያ ላይ ያልተወረወሩ ጥርሶች

ለሎስ ኦኮቴስ መንደር ወላጆች፣ ለሸንኮራ ሻጮችና ጉዳዩ ይመለከተናል ለሚሉ ሁሉ፦ ከሰኞ ጀምሮ ማንኛውም የአንደኛ ክፍል ተማሪ መቶ ሃያ ሳይቆጥር የጥርስ ሳሙና አረፋ መትፋቱ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑ ታውቆ በዚሁ መሠረት ይፈጸም።

የፈረመችው የአፍ ጤና ኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ብቸኛ አባል መምህርት ዲልሲያ ናት። ደግሞም ሠራላት። ልጆቹ በየጠዋቱ ከበርሜሉ ውሃ በየኩባያቸው ቀድተው፣ ደጅ ተሰልፈው ጥርሳቸውን ሲፈገፍጉ ያየ መንገደኛ አፍሮ አፉን ይገጥም ነበር። ስም ያስጠራት ግን ብልቃጧ ነው። የወተት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ጥርሱን ለእሷ እንዲያስረክብ አዘዘች፤ የተቦረቦረውን ከጤነኛው እያስተያየች ልታስተምርበት። ድሮ ጥርሱ ጣሪያ ላይ ይወረወርና «አይጥ ሆይ፣ አሮጌውን ውሰጂ፣ አዲሱን አምጪ» ይባል ነበር። ይህን ኋላ ቀርነት ብላ ሻረችው።

በስምንት ወር ውስጥ ብልቃጡ ሠላሳ አንድ ጥርስ ያዘ። በአንድም ልጅ ድድ ላይ ግን አዲስ ጥርስ አልበቀለም።

መጀመሪያ በወተት እጥረት አሳበበች፣ ቀጥሎ በዘር። የገዛ ልጇ ኤልሲ የፊት ሁለቱን ከጣለች ስድስት ወር ሲሞላት ማሳበቢያው አለቀ። ከተማ ወስዳ ራጅ አስነሳቻት። ሐኪሙ ፊልሙን ገልብጦ አየ፣ ደግሞ አየ፤ ከድዱ ሥር ለመውጣት የሚጠብቅ ጥርስ እንደሌለ ነገራት። ኖሮም የሚያውቅ አይመስልም አላት።

በዚያው ሳምንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በትምህርት መሃል፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ትንንሽ እግሮች መሮጥ ጀመሩ። ከዳር ተነስተው ይመጡና ልክ ከብልቃጡ መደርደሪያ በላይ ይቆማሉ። ልጆቹ መቁጠራቸውን ትተው አንጋጠው ያዳምጣሉ።

«ቲቸር» አለች ኤልሲ፣ ክፍል ውስጥ እናቷን እንደዚያ ነው የምትጠራት፣ «አይጧ ጥርሳችንን እየጠየቀች ነው። ለምን አትሰጫትም?»

«ዝም በይ፣ አንቺ ወላቃ» አላት ከኋላ አንዱ። የሚስቀው ሁሉ ወላቃ ስለነበር ሳቁ ቶሎ ሞተ።

ዲልሲያ ኩራቷን ዋጠች። ልጆቹን ወደ ቤት ሰድዳ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ፣ ሽማግሌውን ዶን ማርጋሪቶን ጠራችና ጥርሶቹን ባንዴ ይወርውሩልኝ ብላ ለመነች። እሳቸው ብልቃጡን በእጃቸው መዘኑ። ይህን ያህል ያስጠበቁትን ነገር እንዲህ ጣል አድርጎ መሄድ ነውር ነው፣ ወጥቼ ማነጋገር አለብኝ አሉ፤ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ እንደሚያስፈጽም ሰው።

መሰላሉን አስደግፈው ወጡ። ዲልሲያ ከታች ሆና አዳመጠች። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ። ጥርሶቹ ቆርቆሮው ላይ ተንኳኩ። ትንንሾቹ እግሮች ወደ እሳቸው ሲሮጡ ተሰሙ። ከዚያ ዶን ማርጋሪቶ፣ ዋጋ እንደተወደደበት ገበያተኛ፣ «ሁሉንም?» አሉ።

ሲወርዱ ብልቃጡ ባዶ ነበር። መሐረብ አፋቸው ላይ ይዘው ሄዱ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኤልሲ ድዴን አሳከከኝ አለች። ዲልሲያ ጣቷን ሰደደች፤ ስለታም ጫፍ ነካት። እየሮጠች ዘበኛው ቤት ደረሰች። ዶን ማርጋሪቶ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ቶርቲያ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ በባቄላ መረቅ እያራሱ ይመጠምጣሉ። ባለፈው ወር ሸንኮራ በጥርሳቸው ይልጡ የነበሩት ሰውዬ አፋቸው እንደ አራስ ልጅ አፍ ባዶ ነው።

«አይጧ እዚያ ላይ ምን አለችዎት? እርስዎስ ምን ብለው ተስማሙ?»

«ልጅሽ አበቀለች?»

«አበቀለች።»

«እንግዲያው ወደ ልጅሽ ሂጂ። ስለዚያ ነገር አልናገርም።»